ተሰቅሏልም፣ ተፈትቷልም

ተማሪዎቿ «እሬት» ይሏታል። ፊት ለፊት ቲቸር ናት፤ ጀርባዋን ስትሰጥ እሬት። ታውቀዋለች፣ ቅርም አይላት። አንድ ጠዋት ስሙ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ አገኘችው። እሷ ግን አላጠፋችውም። «እሬት መድኃኒት ነው፤ የሚሸሸው ጤነኛ ነኝ ባይ ነው» ብላ ከሥሩ የዕለቱን ርዕስ ጽፋ ትምህርቷን ቀጠለች።

ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር ነው የሸበተችው። ባል አግብታ ፈታለች፤ ለምን ቢሏት «ጥሩ ቦታ ላይ ስደርስ መብራት የሚያጠፋ ሰው ነበር» ትላለች፤ ጥሩ ቦታ የምትለው የምታነበውን መጽሐፍ ነው። ልጅ አልወለደችም። የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነች ታናሽ እህቷ ጋር፣ የስፌት መኪናው የሳሎኑን ግማሽ በያዘበት ቤት ውስጥ ነው። የሚያስጠላት ነገር ለጉድ ነው። ማስቲካ እያኘከ የሚያወራ ያስጠላታል፤ መጽሐፍ ላይ ብርጭቆ የሚያስቀምጥ ያስጠላታል፤ ሳያነብ የሚያደንቅማ አይነሳ። አንድ ነገር ሲያንገሸግሻት ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ይሄድና «ኤዲያ» ትላለች። ያቺን ቃል የሰማ ተማሪ ደብተሩን መሰብሰብ ይጀምራል።

እንደዚያ ፊልም ግን ያንገሸገሻት ነገር የለም።

ፊልሙ የተሠራው በየዓመቱ ከምታስተምረው ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለዱ የአንድ ጥቁር ጉድጓድ ቆፋሪ ታሪክ ነው። ሰውየው ነጮች ጌታ በሆኑበት መንደር ዳር ይኖራል፤ መንደሩ የሚጠጣውን ውሃ ቆፍሮ ያወጣው እሱ ነው። አንድ ቀን የባለርስቱ ልጅ ታሞ ይሞታል። መቼም አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነውና፣ ጉድጓዱን መርዞታል ብለው ቆፋሪውን ያዙት። ችሎት ቀርቦ ተከራከረ። መጽሐፉ ውስጥ ገጽ በገጽ የሚናገረው እሱ ነው፤ አፉ የተባ፣ ቀልድ የሚያውቅ፣ ኩሩ ሰው። ዳኛው እሱ ሲናገር ጥፍሩን ይሞርድ ነበር። ሰቀሉት። ከስቅላቱ ሲመለሱ ፀሐይ ከሮ ነበርና ውሃ ጠማቸው። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ባልዲውን ጣሉና ጠጡ። ዳኛው ጠጣ፣ የመሰከሩበት ጠጡ፣ ልጁ የሞተበት አባትም ጠጣ። ከዚያ ወደየቤታቸው ገቡ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል።

ፊልሙ ላይ ደግሞ ከየት መጣህ የማይባል መልከ መልካም ነጭ ሐኪም አለ። መጽሐፉ ውስጥ ሐኪም የሚባል ፍጡር የለም። ይሄ ሐኪም ችሎት መሃል ቆሞ ከጉድጓዱ የተቀዳውን ውሃ ግጥም አድርጎ ይጠጣል፤ ሙዚቃው ይነፋል፤ ያ ጥፍር የሚሞርድ ዳኛ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል፤ ቆፋሪው ይፈታል። አፉ የተባው ሰውማ ፊልሙን ሙሉ ከጉድጓዱ ያልወጣ ይመስል ድምፁ አይሰማም። በመጨረሻ ተንበርክኮ የሐኪሙን እጅ ይስምና «ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። በቃ፣ እሱ የሚናገረው ይኸው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ባሏን ለማስፈታት በር ለበር ስትሟገት የምትውለው ሚስቱ እንኳ ፊልሙ ላይ ከዛፍ ሥር ቆማ ትዘፍናለች። እሬት ሲኒማ ቤት ገብታ ይሄን ያየች ቀን መብራት ሳይበራ በሰው እግር ላይ እየተራመደች ወጣች።

እህቷ ግን ደጋግማ አይታ ደጋግማ አለቀሰች። ፊልሙ በቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዋን አቁማ መሐረቧን ታወጣለች። አንድ እሁድ በዚሁ ተጣሉ። እህቷ፣ ሰው ከሚሞት ቢድን ምን አለበት፣ ሰው ሲተርፍ የምታዝኚ አንቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ አለቻት።

«ሰውየውማ ሞቷል» አለች እሬት። «የፊልሙ ሰዎች ያዳኑት ራሳቸውን ነው።»

እህቷ አልገባትም፤ ወይ እንዲገባት አልፈለገችም። ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።

በዚያ ዓመት ልብ ወለዱ ለመልቀቂያ ፈተና ተመደበ። ርዕሰ መምህሩም ተማሪው ይዘጋጅ ብሎ ፊልሙን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሳየ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ፊልሙ አጭር ነው፤ ተማሪ የቱን ይምረጥ? እሬት በየክፍሉ እየገባች ፊልሙን እንዳታዩ፣ ብታዩም እንዳታምኑ እያለች ለፈለፈች። ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። የሰማቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ።

ልጅቷ መልኳ ጠቆር ይላል፤ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ እሷ ትጠቁራለች፤ ስለዚህ «ከሰል» ብለዋታል። መጽሐፍ መግዣ ስላልነበራት እሬት የራሷን፣ ዳር ዳሩን በእርሳስ የሞነጫጨረችበትን መጽሐፍ አዋሰቻት። ፊልሙ የታየ ቀን ሌላው አዳራሽ ሲገባ ልጅቷ ውጪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታነብ ነበር። እሬት አጠገቧ ቆማ ነበርና ቀጥሎ የሆነውን በዓይኗ አየች። በሩ ተከፈተና ልጆቹ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ይናፈጣሉ፤ ለጥቁሩ ሰው አልቅሰው አልቅሰው ደክሟቸዋል። ከፊት ያለው ጎረምሳ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ «ከሰሏ፣ መንገድ ልቀቂ» አላት። ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቷ ጉልበቷን ሰብስባ አሳለፈቻቸውና ወደ ገጿ ተመለሰች።

መጽሐፉን ስትጨርስ ልጅቷ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። አንድ ነገር አልገባኝም አለች፤ ጉድጓዱ ተመርዟል ብለው ሰው ከሰቀሉ እንዴት ሳይፈሩ ጠጡ? እሬት መልሱን ታውቀዋለች፤ ለማንም ተማሪ ነግራ ግን አታውቅም። ራስሽ ድረሽበት፣ የደረስሽበት ቀን የሚያስጠላሽ ነገር ይበዛል ብላ ሸኘቻት።

የልጅቷ ሕልም መምህራን ኮሌጅ መግባት ነው። ሒሳብ ላይ ደከም ትላለች፤ የምትተማመነው በሥነ ጽሑፍ ነው፤ በሥነ ጽሑፍ ከወደቀች ኮሌጁ በሩን አይከፍትላትም። እናትየው ደግሞ ልጇን ብትወድም በተስፋ ብቻ የምትኖር ሴት አይደለችም። ርዕሰ መምህሩን ለምና፣ ልጅቷ ካላለፈች ከእሷ ጋር መጥረጊያ እንድትይዝ ቃል አስገብታለች። ነገሩ እንግዲህ ኮሌጅ ወይ መጥረጊያ ነበር።

ፈተናው ሲያልቅ እሬት እንደወትሮዋ ለእርማት ተጠራች። ከየትምህርት ቤቱ የመጡ የሥነ ጽሑፍ መምህራን በአንድ ሰፊ አዳራሽ ረጃጅም ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ በእጃቸው ቀይ እስክሪብቶ፣ በፊታቸው የመልስ መመሪያ። ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ሥራው እንዲፈጥን ጥያቄውን ይከፋፈሉታል። ለእሬት የግጥሙ ጥያቄ ደረሳት፤ የልብ ወለዱ አጠገቧ ለተቀመጠ ወጣት መምህር ደረሰው። ይሄ ወጣት ተማሪ የጻፈውን ስህተት ጮክ ብሎ እያነበበ ጠረጴዛውን ማሳቅ ይወዳል። እሷ በልቧ «ሳቂታው» ብላዋለች፤ ሲስቅ ድዱ ድረስ ይታያል።

አንድ ረፋድ ላይ ሳቂታው አንድ ወረቀት አነሳና ፈገግ አለ። ይሄኛው ደግሞ ፊልሙንም አላየ ብሎ ወረቀቱን ለጠረጴዛው ሰው ከፍ አደረገ። ጥያቄው የጉድጓድ ቆፋሪው መጨረሻ ምን እንደሆነ፣ ከዚህም ምን እንደሚማሩ ነበር። መልሱን አነበበው።

«ሰቀሉት። ሲመለሱ ጠማቸውና ከጉድጓዱ ጠጡ። የተማርኩት፣ ሲሰቅሉትም ውሃው ንጹሕ እንደሆነ ያውቁ እንደነበር ነው።»

ጠረጴዛው ሳቀ። ሳቂታው ዜሮዋን ክብ አድርጎ ሣላት። እሬት አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየች። ወደ ኋላ የሚንጋደደውን የልጅቷን ጽሕፈት ለመለየት ስም አላስፈለጋትም። ልጅቷ ደርሳበታለች፤ ማንም ሳይነግራት፣ በራሷ ጭንቅላት ደርሳበታለች።

መመሪያውን ከሳቂታው ፊት መንትፋ አነበበች። መልስ፦ ሐኪሙ በችሎት ፊት ውሃውን ጠጥቶ ቆፋሪውን ነጻ አወጣው። ትምህርት፦ የአንድ ቅን ሰው ድፍረት ጥላቻን ያሸንፋል። ደግማ አነበበችው። መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች፣ ቀጥላ ሥነ ጽሑፍ የሚባለውን ነገር በሞላ ተጠራጠረች። የባሰው ደግሞ ልጅቷን ፊልሙን እንዳታዪ ያለቻት እሷ ራሷ መሆኗ ነው። መምህሯን ያልሰማ ሁሉ ሊያልፍ፣ የሰማችው አንዷ ልትወድቅ!

መመሪያውን ያዘጋጀው የእርማቱ ሰብሳቢ ነው። ከእሬት ጋር ኮሌጅ አብረው ተምረዋል፤ ያኔም የመጽሐፍ ጀርባ አንብቦ ስለ ሆዱ ሲያስረዳ የሚውል ሰው ነበር። መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ ብላ አፋጠጠችው። በወጣትነቱ አንብቦት እንደነበር፣ ለመመሪያው ሲል ደግሞ ፊልሙን እንደገና እንዳየው ሳያፍር ነገራት። ሁለቱ ይለያያሉ ስትለው እጁን አወናጨፈ። መጽሐፉ ዱቄት ነው፣ ፊልሙ ዳቦ ነው፣ ያው አንድ እህል ነው አላት፤ አባባሉ ራሱን ደስ አሰኘውና ደገመው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስትጨቀጭቀው በመጨረሻ፣ እንግዲያው ተሰቀለ የሚለውን መጽሐፍ አምጪና አሳዪኝ አለ።

እስቲ አስቡት። አዳራሽ ሙሉ የሥነ ጽሑፍ መምህር ተቀምጦ መጽሐፉ በአንድ ሰው እጅ የለም። እሬት በየጠረጴዛው ዞረች። ገሚሱ እኔ የማስታውሰው ፊልሙን ነው አለ፤ ገሚሱ የኔ ጥያቄ አይደለም ብሎ አንገቱን ደፋ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንድ አዛውንት መምህር ብቻ ተሰቅሏል፣ እኔም አስታውሳለሁ አሉ። ሰብሳቢው ከበሩ ሆኖ ቀና ብሎ ሲያያቸው ግን፣ እኔ እንጃ እንግዲህ፣ ብዙ ጊዜው ነው ብለው መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። ያቅለሸልሻል። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው ከዚህ በኋላ ምን እንዳይቀርበት ነው የሚፈራው?

የእሬት መጽሐፍ ያለው ልጅቷ ጋ ነው። ለምሳ ሲለቀቁ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የእናትና ልጅ ክፍል ሄደች። እርማት ቤት የታየ ነገር ውጪ አይወራም፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ፈልጌው ነው አለች እንጂ ሌላ አልተነፈሰችም። እናትየው ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠቻትና፣ ርዕሰ መምህሩ አንድ ሠራተኛ ስለጎደለ ለልጅቷ የሥራ ጋዋን እንኳ አስቀድሞ መስጠቱን አወራቻት። ሰማያዊው ጋዋን በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ታጥፎ የኖረበት መስመር ገና አልለቀቀውም። ቢያንስ ሥራ አላጣችም፣ አይደለም እንዴ ቲቸር አለች እናትየው። ልጅቷ መጽሐፉን በሁለት እጇ አቀበለቻት። የእሬትን ፊት ትክ ብላ አየችው እንጂ አልጠየቀችም።

ከሰዓት በኋላ እሬት አዳራሹ መሃል ቆማ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ሳቂታው እንኳ ጥርሱን ከደነ። አንብባ ስትጨርስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ነገር ለአፍታ የደረሰ መሰላት። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ታዲያ ያረምነውን ሁሉ እንደገና ልናርም ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በአንድ አፍ አጉረመረመ። ለተሰቀለው ሰው ያልወጣ ድምፅ ለራሱ ድካም ሲሆን ወጣ።

ሰብሳቢው ለበላዮቹ ደውሎ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ተሰቀለ ያለም ትክክል ነው፣ ተፈታ ያለም ትክክል ነው፣ ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ ተብሏል አለ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል! ተጨበጨበ። እንደገና ማረም ቀረ፤ ጥቂት ወረቀቶች ላይ የተሰጠውን ዜሮ መሰረዝ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ አራሚው በሙሉ መስማማቱን ይፈርማል፣ አንድ ሰው ከጎደለ የቀድሞው መመሪያ ይጸናል።

የፊርማው ወረቀት እሬት ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰብሳቢው መጥቶ ጎንበስ አለላት።

«አንድ ሰው እንዴት ተሰቅሎም ተፈትቶም ይሆናል?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ነገር ታከርሪያለሽ። ይሄም ያልፋል፣ ያም ያልፋል። ማን ተጎዳ? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ልትጠራለት የፈለገችው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ነው። በሕይወት ያለችውን ደግሞ መጥራት አትችልም። ሰብሳቢው ስለ ልጅቷ ምንም አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች። አልፈርምም ብትል የሳቂታው ዜሮ እንዳለች ትቀመጣለች፤ ልጅቷም ውጤት ሲወጣ ጋዋኑን ለብሳ እነዚያ ልጆች የተማሩበትን ክፍል ትጠርጋለች። ብትፈርም ዕድሜዋን ሙሉ ስትጮህበት የኖረችውን ውሸት በገዛ እጇ ታጸድቀዋለች፤ እንባውን እየጠረገ «ከሰሏ» ላለው ጎረምሳም ሙሉ ነጥብ ትመርቅለታለች። ከሁሉ በፊት ሄዳ ልጅቷን ልትጠይቃት አሰበች። ሕጉ አይፈቅድም ብላ ተወችው።

ፈረመች። ዝንብ የወደቀበትን ወተት ዓይኗ እያየ የጠጣች ያህል አንገሸገሻት። ሳቂታው ዜሮዋን ሰርዞ ሙሉ ነጥብ ጻፈና፣ ይኸው ደስ ይበልዎት ብሎ ወረቀቱን አሳያት። ደስ አላላትም። የአዳራሹ ጭብጨባ አስጠላት፣ የሰብሳቢው ፈገግታ አስጠላት፣ ከሁሉ የባሰ ግን ወረቀቱ ላይ ያረፈው የራሷ ፊርማ አስጠላት። ቤት ስትገባ እህቷ ምን ሆንሽ ብትላት፣ ዛሬ አንቺን አከልኩ አለቻት። እህቷ እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

ውጤት የወጣ ዕለት እናትና ልጅ ቤቷ ድረስ መጡ። ልጅቷ አልፋለች፤ ለጥቂት ነው ያለፈችው፣ ያቺ ጥያቄ ባትኖር አታልፍም ነበር። እናትየው ምርቃቱን አዘነበችው። ለመቀመጥም እሺ ያለችው በስንት ልመና ነው። እህቷ ሻይ አቅርባ ለኮሌጁ የሚሆን ቀሚስ እሰፋልሻለሁ እያለች ልጅቷን በሜትር ትለካት ጀመር። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ቆማ ተለካች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ውጤቱ በየጥያቄው ተዘርዝሮ ነበር የተለጠፈው፤ ሌሎቹም ምን ብለው እንደጻፉ ከአፋቸው ሰምታለች። ስትቀመጥ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ እነሱ ተፈታ ብለው ሙሉ አገኙ፤ እኔም ተሰቀለ ብዬ ሙሉ አገኘሁ። እንዴት ነው ነገሩ?»

እሬት ሕጉ አይፈቅድም ብላ ማምለጥ ትችል ነበር። ውሸቱ በቅቷት ነበርና ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳቁን፣ ዜሮዋን፣ ስልኩን፣ በመጨረሻም ፊርማዋን። ከፊርማዋ ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ። እናትየው ግማሹ አልገባትም፤ የገባት ልጇ በዚህች ሴት እጅ መትረፏ ነው፤ ደግማ ልትመርቅ ተነሳች። እህቷም፣ ታዲያ ሁሉም ደስ ካለው ምን ክፋት አለው አለች።

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ ዜሮዬን እወስድ ነበር» አለች።

እናትየው ክው አለች። ምን ነካሽ፣ ውለታ የማታውቂ ብላ የልጇን ክንድ ቆነጠጠች፤ እሬትንም ልጅ ናት አይቀየሟት እያለች ለመነቻት። እሬት ተያት ብላ እጇን ያዘቻት። ልጅቷን ለማየት ቀና ማለት ከብዷት ነበር፤ ቢሆንም ቀና አለች።

«አውቃለሁ» አለቻት። «ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።»